የጣናው እንቦጭ ስንት ሄክታር ነበር? ስለ ጦማር ሥርና ቀን ስለሌለው ቁጥር የቀረበ የጉዳይ ጥናት

በ2006 እና በ2007 ዓ.ም. አካባቢ ስለ ጣና ሐይቅ በወጡ ጽሑፎች ውስጥ እንቦጭ የተባለው ተንሳፋፊ የውሃ አረም እስከ 50 ሺህ ሄክታር መሸፈኑን የሚገልጽ ቁጥር ይገኛል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአንድ ወር ሀገር አቀፍ የማስወገድ ዘመቻ ሲጀመር ደግሞ በየዜናው የተነገረው 4,300 ሄክታር ነበር። በመሀል ያሉት ዓመታት ሰው ሁሉ «ጣና ሊደርቅብን ነው» ብሎ የተጨነቀባቸው፣ ገበሬው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ አረም የጎተተባቸው፣ ማሽን የተገዛባቸው ዓመታት ናቸው። ስጋቱ ወደ ላይ እየወጣ ቁጥሩ ከ11 እጥፍ በላይ ወረደ።

ይህን ልዩነት «አንዱ ዋሽቷል» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። እኛ ግን ጉዳዩን ስናገላብጠው ዋናው ጉድለት ሌላ ቦታ ነው ያገኘነው። ስለ አረሙ ብዙ ተጽፏል፤ በተከታታይ የተያዘ፣ ቀን ያለው፣ እርማቱ የሚታይ፣ ማንም ገልጦ ወደ ኋላ ሊያነበው የሚችል አንድ መዝገብ ግን ለሕዝብ ቀርቦ አላገኘንም። እንዲህ ያለው መዝገብ ስም አለው። ዛሬ ጦማር (ብሎግ) የሚባለው ነገር ሲፈጠር ይህንኑ ለመሥራት ነበር የተፈጠረው።

ሐይቁ ሰሜን፣ ዜናው ደቡብ

እንቦጭ በጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው በመስከረም 2004 ዓ.ም. በመገጭ ወንዝ መግቢያ በኩል ነው። ከዚያ በኋላም የበረታው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ነበር። ባሕር ዳር ያለችው በደቡብ ጫፍ ነው። በሐይቁ ዳር ካሉት የሾላ ዛፎች ሥር ተቀምጦ ወደ ክብራን ደሴት የሚያይ ሰው የሚታየው አረም የሌለበት ውሃ ነው። ከባሕር ዳር ጎንደር መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከዋናው መንገድ ወጥቶ እስከ ውሃው ለመድረስ ደግሞ በክረምት ጭቃ የሚውጠውን የፎገራን ሜዳ ማቋረጥ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ዘጋቢው ወደ ቦታው የሚሄደው ዘመቻ ሲኖር፣ ባለሥልጣን ሲጎበኝ ወይም ማሽን ሲመረቅ ነው። በዚያ ቀን የሰማውን ቁጥር ይዞ ይመለሳል። በቀጣዩ ጊዜ የሚጽፈው ሌላ ዘጋቢ ያንኑ ቁጥር ከቀድሞው ዜና ይወስዳል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ቁጥሩ «እንደሚታወቀው» የሚል ቃል ቀድሞት መዞር ይጀምራል፤ ማን፣ መቼ፣ በምን ለካው የሚለው ግን መንገድ ላይ ቀርቷል።

ቁጥሩ ውሃ ያነሳል ወይ?

50 ሺህ ሄክታር ማለት 500 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። የጣና ስፋት በጠቅላላው 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የሐይቁ አንድ ስድስተኛ መሆኑ ነው። በዚያው ዘመን «የዳርቻው ሲሶ ተወሯል» ይባልም ነበር። የዳርቻው ርዝመት 385 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሆን ሲሶው 128 ነው። 500ውን ለ128 ብናካፍለው አረሙ በዚያ ሁሉ ርዝመት ላይ ወደ 4 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ወርድ ነበረው ማለት ይሆናል። ከዳር ቆሞ 4 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ያልተቋረጠ አረንጓዴ ምንጣፍ፣ ከመገጭ እስከ ጉማራ ድረስ! በታንኳ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ይህን ስሌት ቢሰማ ያኔውኑ ጥያቄ ያነሳ ነበር። ለስሌቱ ስልክ ላይ ያለ ማስሊያና ሁለት ደቂቃ በቂ ናቸው።

በእኛ ግምት ትልቁ ቁጥር አረሙ የታየበትን ወይም ሊደርስበት የሚችለውን ቀጠና በሙሉ የያዘ ነው፤ ትንሹ ደግሞ ቅጠሉ በእርግጥ የሸፈነውን ውሃ። ሁለቱም በየራሳቸው ጠቃሚ ቁጥሮች ናቸው። ችግሩ ሁለቱም «የተሸፈነ» በሚል አንድ ቃል መጠራታቸው ነው።

ልዩነቱ እንዴት እንደሚፈጠር በአንድ አነስተኛ የባሕር ዳርቻ ላይ እናሳይ። 600 ሜትር ርዝመት ያለው ዳርቻ አለ እንበል። በአምስት ቦታ የአረሙን ወርድ ለካን፦ 12፣ 20፣ 35፣ 18 እና 15 ሜትር። አማካዩ 20 ሜትር ነው። 600 በ20 ሲባዛ 12,000 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 1.2 ሄክታር ይሆናል። ግን አረሙ ጥቅጥቅ ያለ አይደለም፤ ከላይ ሲታይ 60 በመቶው ብቻ ቅጠል ነው፣ የቀረው ውሃ ይታያል። ስለዚህ በእርግጥ የተሸፈነው 0.72 ሄክታር ነው። ሌላ ሰው መጥቶ «አረሙ በዚህ ዳርቻ አለ» ብሎ ከዳር 500 ሜትር ወደ ውስጥ ያለውን በሙሉ «የተወረረ ቀጠና» ቢል 30 ሄክታር ይጽፋል። ሁለት ሐቀኛ ሰዎች፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ቀን፣ ከ40 እጥፍ የሚበልጥ ልዩነት።

የሳተላይት ምስልም ቢሆን ከዚህ ጣጣ ነፃ አያወጣም። ሴንቲኔል 2 የተባለው ሳተላይት በየ5 ቀኑ ያልፋል፤ ከምስሉ አንዷ ነጥብ 10 በ10 ሜትር ስለሆነች 100 ነጥብ አንድ ሄክታር ይሞላል። ነገር ግን አረሙ በሚባዛበት በክረምት ሰማዩ ደመና ነው። ደመና ሲገፈፍ ደግሞ በፎገራ የተዘራው ሩዝ፣ በዳር ያለው ደንገልና ሌላው የውሃ ሣር ከእንቦጭ ጋር ይመሳሰላሉ። መሬት ላይ ወርዶ ቀንና ቦታ የመዘገበ ሰው ከሌለ ምስሉን የሚያርመው የለም።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የጊዜው ነገር ነው። እንቦጭ ሲመቸው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለ ጊዜ ውስጥ እጥፍ ይሆናል። በ2 ሳምንት እጥፍ የሚሆን አንድ ሄክታር በ56 ቀን 16 ሄክታር ነው። በመስከረም መጀመሪያ የተለካን ቁጥር በኅዳር መጀመሪያ «ሸፍኗል» ብሎ መጻፍ የ16 እጥፍ ስህተት ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ አረሙ ሥሩን መሬት ላይ አይተክልም፤ ይንሳፈፋል፣ ነፋስ ይነዳዋል። ጠዋት የሞላው የባሕር ሰላጤ ማታ ባዶ፣ ጎረቤት ቀበሌ ደግሞ ሞልቶ ሊገኝ ይችላል። ሁለቱ ቀበሌዎች በተለያየ ሰዓት ከለኩ አንዱ አረም ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። እንዲህ ላለ ነገር ቀንና ሰዓት የሌለው ቁጥር ምንም አይነግርም።

ሎግ ከምን መጣ

ጦማር በፈረንጁ ስሙ «ብሎግ» ነው፤ «ዌብሎግ» ከሚለው የተቆረጠ። «ሎግ» መጀመሪያ ግንድ፣ የእንጨት ቁራጭ ማለት ነው። የጥንት መርከበኞች ቋጠሮ ያለው ገመድ እንጨት ላይ አስረው ወደ ባሕር ይጥሉና በተወሰነ ጊዜ ስንት ቋጠሮ እንደተተረተረ ቆጥረው የመርከቡን ፍጥነት ያውቁ ነበር። የለኩትን ከሰዓቱ ጋር የሚጽፉበት ደብተር በዚያው በእንጨቱ ስም ተጠራ። ቃሉ ከሥሩ በውሃ ላይ የሚንቀሳቀስን ነገር በየሰዓቱ መለካትና መመዝገብ ነው። ለጣና ከዚህ የቀረበ ቃል ማግኘት ያስቸግራል።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ጆርን ባርገር የተባለ አሜሪካዊ በየቀኑ ከኢንተርኔት ያገኘውን እየመዘገበ የሚያወጣበትን ገጽ «ዌብሎግ» አለው። በ1999 ፒተር መርሆልዝ ቃሉን ለጨዋታ ከፍሎ «ብሎግ» አደረገው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ብሎገር የተባለው መሣሪያ ወጣና ኮድ የማያውቅ ሰውም መጻፍ ቻለ፤ ጉግል በ2003 ገዛው። ዎርድፕረስ የወጣው በ2003 ግንቦት ነው። ከዚህ ሁሉ ቀድሞ በ1994 ጀስቲን ሆል የተባለ ተማሪ የግል ገጹን ይጽፍ ነበር፤ ዴቭ ዋይነርም ከ1997 ጀምሮ «ስክሪፕቲንግ ኒውስ»ን ያወጣ ነበር። በታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚወሱት እነዚህ የኮምፒውተር ሰዎች ናቸው።

ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመን ግን ሌላው ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1998 ቦኒ የተባለው አውሎ ነፋስ ወደ ሰሜን ካሮላይና ሲቃረብ ሻርሎት ኦብዘርቨር የተባለው ጋዜጣ በድረ ገጹ ላይ ያልተለመደ ነገር አደረገ። ዜናውን አንድ ጊዜ ጽፎ በማግስቱ ሌላ ከማተም ይልቅ፣ አዲሱ ከላይ፣ አሮጌው ከሥር ሆኖ፣ እያንዳንዱ ከሰዓቱ ጋር የተጻፈ አጫጭር ዘገባ ተከታትሎ አወጣ። በዜና ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ከታዩት የመጀመሪያዎቹ ጦማሮች አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ነፋሱ ይንቀሳቀሳል። የሚንቀሳቀስን ነገር በቆመ ዜና መያዝ አይቻልም። የቦኒ ሰዓት የእንቦጭ ሳምንት ነው፤ መሣሪያው ግን አንድ ነው።

ሁለተኛው የሚጠቅመን ነገር ማኅደር ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2002 የአሜሪካው ሴናተር ትሬንት ሎት በአንድ የልደት ግብዣ ላይ የዘር መለያየትን ዘመን የሚያወድስ ንግግር አደረገ። ትልልቆቹ መገናኛ ብዙኃን ብዙም ሳይሉ አለፉት። ጆሽ ማርሻልን የመሰሉ ጦማርያን ግን ነገሩን በየቀኑ እየተመለሱ አነሱት፤ ሰውየው ቀደም ሲልም የዚህ ዓይነት ነገር መናገሩን ከድሮ መዛግብት እያወጡ አያያዙት። በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ሴናተሩ በሴኔቱ የነበረውን የሪፐብሊካን ፓርቲ መሪነት ለቀቀ። እዚህ ላይ ወሳኙ ትናንት የተባለውን ከዛሬው ጎን አስቀምጦ ማሳየት መቻሉ ነበር፤ ዕለታዊ ዜና ይህን በተፈጥሮው አይሠራም።

በእኛም አገር ነገሩ ባዳ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የወጣችው «አእምሮ» ስትጀመር ማተሚያ አልነበራትም፤ በእጅ እየተጻፈች በየሳምንቱ 24 ቅጂ ነበር የምትሠራጨው። «ጦማር» የሚለው የግዕዝ ቃል ራሱ ደብዳቤ፣ የተጻፈ ጥቅል ማለት ነው። ቃሉን ለኢንተርኔቱ ሥራ ካስለመዱት መካከል በግንቦት 2004 ዓ.ም. የተሰባሰቡት የዞን ዘጠኝ ወጣቶች ይገኛሉ፤ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. 6 ጦማርያንና 3 ጋዜጠኞች አብረው ሲታሰሩ የሁለቱ ሙያ ዝምድና በአንድ መዝገብ ላይ ታየ።

በጣና ገዳማት ያሉትን የብራና መጻሕፍት ያገላበጠ ሰው ደግሞ በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ ስለ ርስትና ስለ ጉልት የተጻፈ ማስታወሻ ሳያይ አይቀርም። ጸሐፊው ጠንቃቃ ሲሆን ዓመተ ምሕረቱንም፣ ወንጌላዊውንም፣ የንጉሡንም ስም ይጽፋል። «በዘመነ ማርቆስ» ብሎ ብቻ ያለፈ እንደሆነ ግን ማርቆስ በየ4 ዓመቱ ስለሚመለስ አንባቢው መያዣ ያጣል። «እንቦጭ 50 ሺህ ሄክታር ሸፍኗል» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ የትኛው መስከረም?

የዳርቻ መዝገብ አያያዝ

ከዚህ ጉዳይ ተነሥተን፣ በሐይቁ ዙሪያ ላለ የሚዲያ ክፍል፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወይም ለቀበሌ ወጣቶች የሚሆን አሠራር እንዲህ እናስቀምጣለን። ስማርት ስልክ፣ 50 ሜትር የመለኪያ ሜትር፣ አንድ የወረቀት ደብተር ይበቃል።

አስቀድሞ ሦስት ወይም አራት ቋሚ ቦታ መምረጥ ነው። ከዚህ በላይ ከተመረጠ በሁለተኛው ወር ይቋረጣል። በየቦታው የማይነቀል ምልክት ይኑር፤ ትልቅ ድንጋይ፣ የቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ፣ የጀልባ ማሠሪያ ግንድ። ሐይቁ ከክረምት ወዲህ ከፍ፣ ከበጋ ወዲህ ዝቅ ስለሚል የውሃው ጠርዝ ምልክት አይሆንም፤ ጠርዙ ይሸሻል። ሁልጊዜ ከዚያው ምልክት ላይ ተቁሞ፣ ወደዚያው አቅጣጫ፣ ስልኩ ሳያጎላ ፎቶ ይነሣ። በፎቶው ውስጥ ሁልጊዜ የሚታይ አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ዛፍ ወይም ከማዶ ያለ ኮረብታ ይግባ። ከሦስት ወር በኋላ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ማየት የሚቻለው ያኔ ነው።

የቦታው መጋጠሚያ ከነጥብ በኋላ በ5 አኀዝ ይጻፍ፤ አምስተኛው አኀዝ አንድ ሜትር ያህል ነው። በሁለት አኀዝ የተጻፈ ግን እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ሊያሳስት ይችላል፤ ይህም ሌላ ቀበሌ ሊሆን ይችላል።

በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን፣ ቢቻል ነፋሱ ሳይነሣ ማለዳ፣ የአረሙ ወርድ በአምስት ቦታ ተለክቶ ይጻፍ። ርዝመቱ፣ አማካይ ወርዱና ጥግግቱ በመቶኛ ለየብቻቸው ይቀመጡ እንጂ ተባዝተው ብቻ አይቅረቡ። ስሌቱ ስህተት ከሆነ ሌላ ሰው ሊያርመው የሚችለው ክፍሎቹን ሲያይ ነው። «የተወረረ ቀጠና» እና «በቅጠል የተሸፈነ» የሚሉት ሁለት ቃላት ተለይተው ይጻፉ። የነፋሱም አቅጣጫ በአንድ ቃል ይግባ።

ፎቶ በቴሌግራም ሲላክ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ይጨመቅና የተነሣበት ቀንና ቦታ መረጃ ይጠፋል፤ እንደ ፋይል ከተላከ ግን ይቆያል። በፌስቡክ ላይ ተጭኖ ወርዶ የመጣ ፎቶም ያንን መረጃ አይዝም። ከሰው የመጣ ፎቶ ዋናው ፋይል ካልተገኘ «ቀኑ ያልተረጋገጠ» ተብሎ ይቀመጥ፤ ከመዝገቡ ሠንጠረዥ ውስጥ ግን አይግባ።

የሚበላሸው የት ላይ ነው

የመጀመሪያው ወጥመድ የዘመን አቆጣጠር ነው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ያደረሰው ጥፋትም ቀላል አይደለም። የውጭ ጥናቶች አረሙ በ2011 ታወቀ ይላሉ። ይህ በእኛ 2004 ነው። ተርጓሚው «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን ሲዘነጋት አማርኛ አንባቢ እንቦጭ የመጣው በ2011 ዓ.ም. ነው ብሎ ይይዛል፤ ሰባት ዓመት ጠፋ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ልዩነቱ 7፣ ከጥር እስከ ነሐሴ 8 መሆኑ ደግሞ ድንበር ላይ ያለውን ወር ያምታታዋል። በመዝገቡ ሁሉ በአንድ አቆጣጠር መጽናት፣ የውጭ ቁጥር ሲጠቀስም ሁለቱን ጎን ለጎን መጻፍ ነው።

ሰዓቱም እንደዚያው ነው። ዎርድፕረስ ካልተስተካከለ በግሪንዊች ሰዓት ይሠራል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት የተለካ ነገር በስልኩ ላይ 8፡00፣ በጦማሩ ላይ ደግሞ 5፡00 ሆኖ ይወጣል። አንባቢው ረፋድ 5 ሰዓት ነው ብሎ ይረዳዋል። የገጹ ሰዓት ወደ አዲስ አበባ ይቀየር፤ የልኬቱም ሰዓት በጽሑፉ ውስጥ «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀኑ» ተብሎ በአማርኛ ይጻፍ።

ሌላው የፊደሉ ነገር ነው። አንዱ «እንቦጭ» ይጽፋል፣ ሌላው «እምቦጭ»፤ አንዱ «ባሕር ዳር»፣ ሌላው «ባህርዳር»። የጦማሩ መፈለጊያ ሳጥን ሐ እና ሀ አንድ ድምፅ መሆናቸውን አያውቅም። በአንዱ አጻጻፍ የገባ በሌላው ሲፈለግ የለም ይባላል። አንድ አጻጻፍ መርጦ በእሱ መጽናት፣ ሌላውን ደግሞ በመለያ ቃልነት ከሥር መጨመር ነገሩን ይፈታዋል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች ደግሞ ድረ ገጽ ላይ ሲለጠፉ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናሉ፤ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት ከዚህ ለመሸሽ ጽሑፉን በፎቶ ይለጥፋል፤ ፎቶ ውስጥ ያለ ቁጥር ግን አይፈለግም፣ አይቀዳም። እንደገና መተየብ አድካሚ ቢሆንም ሌላ መንገድ የለውም።

የሊንኩም አድራሻ ትኩረት ይሻል። የአማርኛ ርዕስ እንዳለ አድራሻ ሲሆን እያንዳንዱ ፊደል ወደ 9 ምልክት ይቀየራል፤ «ጣና» ብቻዋን 18 ምልክት ትሆናለች። ዎርድፕረስ ለአድራሻው የሚሰጠው ቦታ 200 ምልክት ስለሆነ ከ22 ፊደል በኋላ ይቆረጣል። ሰው ያን ረጅም አድራሻ በቴሌግራም ሲልከው ግማሹ ይቀራል፤ ሲነካ አይከፍትም። አድራሻው በላቲን ፊደል አጭር ሆኖ፣ ቀኑን ይዞ በእጅ ይጻፍ፤ አንዴ ከወጣም አይቀየር።

የመቋረጥ ጉዳይም አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ቀደም ሲልም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የብሎግስፖት ገጾች ከአገር ውስጥ አይከፈቱም ነበር፤ በሰኔ 2010 ዓ.ም. የ264 ድረ ገጾችና ጦማሮች ዕገዳ ተነሥቷል። እንዲህ ባለ አገር የመዝገቡ እናት የወረቀት ደብተር መሆን አለበት። ኢንተርኔት ሲመለስ የተጠራቀመው ይገባል፤ ግን ጦማሩ የጽሑፉን ቀን ወደ ኋላ መመለስ ስለሚፈቅድ ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ቀኑን ወደ ኋላ መልሶ በሰዓቱ የወጣ ማስመሰል የመዝገቡን እምነት በአንድ ቀን ያፈርሰዋል። በየጽሑፉ ላይ ሁለት ቀን ይቀመጥ፤ የተለካበትና የወጣበት።

የመጨረሻው ጉዳይ እርማት ነው። ጋዜጣ ስህተቱን በሚቀጥለው እትም ትንሽ ሳጥን ውስጥ ያርማል፤ የመጀመሪያውን ያነበበ ሰው እርማቱን ላያገኘው ይችላል። ጦማር ለዚህ የራሱን ልማድ አምጥቷል፤ የተሳሳተውን ሳያጠፉ በላዩ መስመር አስምሮ ትክክለኛውን አጠገቡ መጻፍ። ፌስቡክ ላይ ልማዱ ከዚህ የተለየ ነው፤ ስህተት የተገኘበት ጽሑፍ በዝምታ ይሰረዛል፣ ስክሪንሾቱ ግን ይዞራል። በሕግም በኩል ቢሆን የሐሰተኛ መረጃ አዋጁ፣ ቁጥር 1185/2012፣ ጸሐፊው እውነቱን ለማጣራት ተገቢውን ጥረት ማድረጉን ይመለከታል። በአምስት ቦታ የተለካ ወርድ፣ የተጻፈ ሰዓትና በግልጽ የታየ እርማት ጥረቱን ከማንኛውም ማስተባበያ በተሻለ ያስረዳሉ።

ከላይ ያሰላነው የ600 ሜትር ዳርቻ በመዝገቡ ላይ ቢሰፍር ይህን ይመስላል። ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው፤ በእውነተኛው መዝገብ ላይ ከዕለቱ ጋር ቀኑ፣ ወሩና ዓመተ ምሕረቱም ይጻፋል።

ቦታ 2፣ ከድንጋዩ ምልክት። የተለካው፦ ረቡዕ ከጠዋቱ 1፡30። የወጣው፦ ዓርብ ከቀኑ 9፡00፤ ኔትወርክ አልነበረም። ነፋስ፦ ከሰሜን፣ ቀላል። ርዝመት 600 ሜትር። ወርድ 12፣ 20፣ 35፣ 18፣ 15፤ አማካይ 20 ሜትር። ጥግግት በዓይን ግምት 60 በመቶ። በቅጠል የተሸፈነ፦ ~~1.2~~ 0.72 ሄክታር። ያለፈው ሳምንት፦ 0.5 ሄክታር፣ ሊንኩ ከሥር።

እርማት፣ ሰኞ ከጠዋቱ 4፡00፦ ዓርብ ዕለት 1.2 ብለን የጻፍነው ጥግግቱን ሳናሰላ ነው። ስህተቱን ያሳየን የዚያው አካባቢ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ «መሀሉ ላይ ታንኳዬ ያልፋል እኮ» አለን።